ስለ ኮምፒዩተር ነባሪ ቅንብር አመራረጥ፤ ለንግድ ቤት የሚሆን ትምህርት

አንድ የሞጣ እህል ነጋዴ በጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሃያ ኩንታል ጤፍ በዱቤ ሸጠ እንበል። ጸሐፊው ሽያጩን በኮምፒዩተር ላይ ባለው የኤክሴል ሠንጠረዥ ለማስገባት 30/02/2017 ብሎ ይጽፋል። አጻጻፉ ስሕተት የለበትም፤ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነው፣ ቀኑም ሠላሳ ነው። መሣሪያው ግን ወሮችን የሚቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ስለ ሆነ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ያደርገዋል፤ ፌብሩዋሪም 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ የተጻፈለትን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ሣጥኑ ግራ ጥግ አስጠግቶ ያኖረዋል እንጂ «ይህ ቀን የለም» ብሎ አያስጠነቅቅም። በወሩ መጨረሻ ዱቤዎቹ በቀን ተራ ሲደረደሩ ያ የሃያ ኩንታል ሽያጭ ከተራው ወጥቶ ከሁሉ በታች ይወድቃል። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ በሚሠራው ድምር ውስጥም አይገባም። ጸሐፊው አላጠፋም፣ ነጋዴውም አላጠፋም፤ የሃያ ኩንታሉ ዋጋ ግን ከድምሩ ጐድሏል።

ከዚህ የባሰም አለ። ኮምፒዩተሩ ከፋብሪካ ሲመጣ በአሜሪካን እንግሊዝኛ ተሰናድቶ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያው ነው፣ ቀኑን የሚያነበው ወርን አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ኅዳር 5 ለማለት 05/03/2017 ብሎ ቢጽፍ መሣሪያው ሜይ 3 ብሎ ይቀበላል፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቍጥር ግን የተጻፈው ራሱ ስለ ሆነ ዐይን ስሕተቱን አያገኘውም። ጥር 13 ለማለት 13/05/2017 ቢጽፍ ደግሞ ዐሥራ ሦስተኛ ወር በመሣሪያው ዘንድ ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይቀራል። በዓለም ላይ ዐሥራ ሦስት ወር ባለው አገር የሚሠራ ሰው ጳጉሜን 5 ለማለት 05/13/2017 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ መሣሪያው በደስታ ሜይ 13 ያደርገዋል፤ ይህም በእኛ ግንቦት 5 ቀን 2009 መሆኑ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ሽያጭ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ሰው ከመረጠው ነገር ሳይሆን ማንም ሳይመርጠው ከቀረው ነገር ነው። ኮምፒዩተርም ሆነ ስልክ ሲገዛ በውስጡ ብዙ ነገር አስቀድሞ ተወስኖ ይመጣል፤ ቋንቋው፣ የቀኑ አጻጻፍ፣ ሰዓቱ፣ የፊደሉ ዐይነት፣ ሥራው የሚቀመጥበት ስፍራ፣ ማን ምን ለማድረግ ሥልጣን እንዳለው። ይህ አስቀድሞ የተወሰነው በመሣሪያዎቹ የአማርኛ ገጽ ላይ «ነባሪ» ይባላል። ተጠቃሚው ካልለወጠው የሚኖረው እርሱ ነው። የሚለውጠው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

ጃሬድ ስፑል የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር አጠቃቀም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 የጻፈው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ባልደረቦቹ የብዙ ሰዎችን የማይክሮሶፍት ዎርድ ቅንብር ሰብስበው ቢመለከቱ አንድ እንኳ ቅንብር የለወጠው ከመቶ አምስት የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ሥራን በየጊዜው ራሱ የሚያስቀምጠው አገልግሎት ተዘግቶ ይመጣ ነበር። ሰዎቹ ለምን እንዳልከፈቱት ሲጠየቁ፣ ኩባንያው የዘጋው በቂ ምክንያት ቢኖረው ነው ብለው መለሱ። ነገሩ ሲጣራ ግን የተገኘው ምክንያት፣ አንድ የፕሮግራም ሠራተኛ መጀመሪያ የቅንብሩን ፋይል በዜሮ ሞልቶት፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያየው መቅረቱ ነበር። ዜሮ ማለት ዝግ ማለት ነው። እንግዲህ ተጠቃሚው ዐዋቂ መርጦልኛል ብሎ ሲያምን ዐዋቂው ጨርሶ አልመረጠም።

ስለዚህ በንግድ ቤት ውስጥ ነባሪውን የሚመርጥ ሰው መኖር አለበት። የሚመርጠውስ ለማን ነው? ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት የእህል መደብሮች አንድ ኮምፒዩተር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይውልም። ባለቤቱ አርባ ዓመት እህል ነግደው ጤፉን በመዳፋቸው አፍሰው ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ የሚናገሩ፣ ነገር ግን የመጻፊያውን ሰሌዳ በአንድ ጣት የሚፈልጉ ይሆናሉ። ጸሐፊዋ በሂሳብ ትምህርት የተመረቀች፣ ቀመር መሥራት የምትችል፣ ሆኖም የገበያውን ቋንቋ ገና በመማር ላይ ያለች ትሆናለች። ከትምህርት ቤት መልስ የሚያግዘው ልጅ ስልኩን እንደ ጨዋታ የሚያገላብጥ፣ ነገር ግን በዱቤና በእጅ በእጅ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ይሆናል። ከነዚህ ከሦስቱ ዐዋቂው ማን ነው፣ ጀማሪውስ ማን ነው? እያንዳንዳቸው በአንዱ ሊቅ በሌላው ጀማሪ ናቸው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌውን ጀማሪ፣ ልጁን ዐዋቂ ብለው ሥልጣኑን ሁሉ ለልጁ ይሰጣሉ። ልጁም ፋይሉን በአንድ ጠቅታ ያጠፋዋል።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በውጭ አገር የተሞከረው አንዱ ዘዴ መሣሪያው ራሱ የሰውን ችሎታ እንዲገምት ማድረግ ነበር። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2000 ሲወጣ ተጠቃሚው የማይነካቸውን ትእዛዞች ከዝርዝሩ እየደበቀ የሚነካቸውን ብቻ ያሳይ ነበር፤ ይህም ነባሪ ሆኖ ነው የመጣው። አሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ጀማሪው ትናንት ያየውን ዛሬ ሲያጣው ያበላሸ መስሎት ይደነግጣል፤ ዐዋቂውም እጁ በለመደው ስፍራ የነበረው ተነሥቶ ሌላ ያገኛል። ኦፊስ 2007 ሲወጣ ያ ዝርዝር በሌላ አሠራር ተተካ። ሰውየውን «ጀማሪ ነህ ወይስ ዐዋቂ?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አይጠቅምም፤ ጀማሪ ጀማሪነቱን መጠን አያውቀውም፣ ዐዋቂም በሰው ፊት ጀማሪ ነኝ ለማለት ያፍራል።

በሞጣ አካባቢ ዓባይን ይሻገር የነበረው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ድልድይ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቅስቶቹ አንዱ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የሚለውን ስም ካገኘ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰው ከወዲያና ከወዲህ በሚጐተት ገመድ ታስሮ በአየር ላይ ይሻገር ነበር። ጕልበታሙና ልብ ያለው ይሻገራል፤ ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌው፣ ጭነት ያለው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ስብራቱ በተጠገነ ጊዜ ግን ያ ጕልበታም አልተጐዳም፤ እርሱም በድልድዩ ላይ ሄደ። ጥሩ ነባሪ ቅንብር የሚመረጠው በዚህ ዐይነት ነው፤ ደካማው እንዲያልፍበት ተደርጎ፣ ብርቱውን ግን ሳያዘገይ።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሻው የቀኑ ነገር ነው፤ የግለሰብ ነጋዴ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለ ሆነ ቀን የተበላሸበት ሂሳብ ግብሩም የተበላሸ ነው። አንዳንዶች የሚመርጡት ቀላል መንገድ የኮምፒዩተሩን የቀን መቍጠሪያ ራሱን ወደ ኢትዮጵያ ዓመት መልሶ መሙላት ነው። ይህ ፈጽሞ የማይገባ ነው። ኮምፒዩተሩ ዓመቱ 2017 ነው ብሎ በፈረንጆች ቍጥር ካመነ፣ የባንክም ሆነ የሌላ ድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ገና ያልተጻፈ፣ ወደ ፊት የሚመጣ ይመስለውና አልከፍትም ይላል። ሰዓቱንም ጧት ሁለት ሰዓት እንዲያሳይ ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ማዞር እንደዚሁ የመልእክቱንና የደረሰኙን ጊዜ ሁሉ ያሳስታል። የመሣሪያው የውስጥ ሰዓት ራሱን በራሱ እንዲያስተካክል መተው፣ የሰዓት ክልሉንም ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት የሚቀድመውን መምረጥ ይበቃል። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ስለማይገኝ ናይሮቢ የሚለው ይመረጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የተሳሳተ መስሎት ሌላ ይፈልጋል፣ ግን እርሱው ነው።

ታዲያ የኢትዮጵያው ቀን በሠንጠረዡ ላይ እንዴት ይግባ? መሣሪያው እንዲተረጕመው ዕድል ባለመስጠት ነው። ቀኑን በአንድ ሣጥን ከመጻፍ ይልቅ በሦስት ሣጥን መክፈል፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለወር፣ አንዱ ለዓመት። የቀኑ ሣጥን ከ1 እስከ 30 ካለው ቍጥር በቀር እንዳይቀበል፣ የወሩም ከ1 እስከ 13 ካለው በቀር እንዳይቀበል ይታዘዛል፤ ይህን ትእዛዝ መስጠት የጸሐፊዋ ሥራ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ከወሩ ቍጥር አንድ ተቀንሶ በ30 ይባዛና ቀኑ ይደመርበታል፤ የሚገኘው ቍጥር ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለው የዓመቱ ቀን ነው። ጥቅምት 15 አርባ አምስተኛው ቀን ይሆናል፤ ኅዳር 15 ሰባ አምስተኛው፤ ጳጉሜን 5 ደግሞ ሦስት መቶ ስድሳ አምስተኛው። ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር ምንም ችግር ሳታመጣ በዚያው ቀመር ታልፋለች። ዱቤው ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ዓመት ሲሻገር ብቻ በመካከሉ 365፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ 366 ይጨመራል።

ይህ ጥቅሙ ትንሽ አይደለም። በጥቅምት 15 ቀን 2017 የሠላሳ ቀን ዱቤ ቢሰጥ መክፈያው ኅዳር 15 ነው፤ ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ስለ ሆኑ ይህን ማንም በጣቱ ይቈጥረዋል። 15/02/2017 ተብሎ በተለመደው መንገድ የገባ እንደ ሆነ ግን፣ ቀን ይቀድማል ተብሎ በተስተካከለ መሣሪያ እንኳ፣ ኮምፒዩተሩ ከፌብሩዋሪ 15 ሠላሳ ቀን ቈጥሮ 17/03/2017 ይላል፤ ኅዳር 17 መሆኑ ነው። ባለቤቱ በጣታቸው 15 ያሉትን ኮምፒዩተሩ 17 ሲል ብዙ ጊዜ የሚታመነው ኮምፒዩተሩ ነው። በዚህ ነገር የተሳሳተው ግን ኮምፒዩተሩ ነው፤ የጣት ቈጠራው ትክክል ነበር።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚመጣው የእህሉ ስም ነው። አንዱ «ሠርገኛ»፣ ሌላው «ሰርገኛ» ብሎ ይጽፋል። ሲነበብ አንድ ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት ዐይነት ጤፍ ነው፤ በወሩ መጨረሻም ሁለት ድምር ያወጣል። ሀሌታውና ሐመሩ፣ ዐይኑና አልፉ፣ ጸሎቱና ፀሐዩ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። የአማርኛ ሊቅ የሆነው ትክክለኛውን ይጽፍ ይሆናል፤ ሌላው እንዲማር መጠበቅ ግን ንግዱን ያስቆመዋል። መፍትሔው ስም እንዳይጻፍ ነው። ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ፣ ስንዴ፣ በቆሎ እያለ የሚዘረዝር መምረጫ በሣጥኑ ላይ ይደረጋል፤ ባለቤቱም፣ ጸሐፊዋም፣ ልጁም ከዝርዝሩ ይጠቁማሉ። የመጻፊያውን ሰሌዳ የማያውቀው ከሚያውቀው እኩል ይሠራል፤ የሚያውቀውም ፊደል ከመልቀም ይገላገላል።

ስለ ፊደል ከተነሣ፣ በመላው ዓለም የሚሠራበት ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። አሮጌ ፋይል ያለው ነጋዴ ይህን ሳያይ አልቀረም። ስለዚህ የሚመረጠው ነባሪ ፊደል የዩኒኮድ ይሁን፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቢሆን ልዩነት የለውም።

ሥራው የሚቀመጥበት ስፍራ ግን ሰፋ ያለ አሳብ ይፈልጋል። የአዲሶቹ ፕሮግራሞች ነባሪ ፋይሉን በኢንተርኔት በሩቅ ማከማቻ ማስቀመጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢሰበርም ሥራው ስለማይጠፋ ለብዙ አገር ይህ መልካም ነው። በአማራ ክልል ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ መዝገቡ በሩቅ ማከማቻ ብቻ የነበረ ሰው ባለዕዳዎቹን የሚያውቀው በትዝታው ነበር። ዋናው ፋይል በራሱ በኮምፒዩተሩ ላይ፣ ቅጂው በየሳምንቱ በፍላሽ ላይ፣ ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ በሩቅ ማከማቻ እንዲሆን ማድረግ ይሻላል። መብራትም ሳይታሰብ ስለሚጠፋ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ይታዘዝ፤ ዐሥር ደቂቃ የሚለውን ነባሪ ማሳጠር ማለት ነው።

ስለ ሥልጣን የሚባለው አጭር ነው። በዊንዶውስ መጀመሪያ የሚከፈተው ስም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ነው፤ ያ ስም ለዕለት ሥራ መዋል የለበትም። ለዕለት ሥራ ተራ ተጠቃሚ የሚባለውን ከፍቶ፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለባለቤቱና ለጸሐፊዋ ብቻ መስጠት ይገባል። በሠንጠረዡም ላይ ቀመር ያለባቸው ሣጥኖች ተቈልፈው፣ የሚጻፍባቸው ብቻ ክፍት ይሁኑ። ጸሐፊዋ ቁልፉ ስላላት አትታገድም።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ነባሪ ጨርሶ ሊደረግለት የማይገባ ነገር አለ፤ እርሱም ገንዘብ መላክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ስማርት ስልክ ያለው በመተግበሪያው፣ ተራ ስልክ ያለውም *127# ብሎ በመደወል ይከፍላል። የእህል ዋጋም ዛሬ በብዙ ስፍራ በዚህ ይላካል። የቀን አጻጻፍ ቢሳሳት ነገ ይታረማል፤ ለማይታወቅ ሰው የተላከ ብር ግን ለማስመለስ ብዙ ያደክማል። ስለዚህ የተቀባዩ ቍጥርና የገንዘቡ መጠን አስቀድሞ ተሞልቶ መጠበቅ የለበትም፤ ስልኩ ያለፈውን ተቀባይ ራሱ ቢያቀርብ እንኳ ተነቦ፣ ስሙ ለባለቤቱ ጮክ ተብሎ ተነግሮ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የምስጢር ቍጥሩ ይጻፍ። በዚህ ጊዜ መዘግየት ለጀማሪውም ለዐዋቂውም እኩል ያስፈልጋል፤ እንዲያውም ሳያነብ የሚጫነው እጁ የለመደው ዐዋቂው ነው።

በመጨረሻም የተለወጠው ቅንብር ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ይለጠፍ፤ ምን እንደ ነበረ፣ ወደ ምን እንደ ተለወጠ፣ መቼ እንደ ተለወጠ። ዊንዶውስ እንደ ገና ሲጫን ወይም አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዛ የፋብሪካው ምርጫ ተመልሶ ይመጣልና። በየዓመቱ ሐምሌ 1 አዲሱ መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ጸሐፊዋ ሦስት ቀኖችን በሙከራ ታስገባ፤ ጥር 13ን፣ ጥቅምት 30ንና ጳጉሜን 5ን። የዓመቱ ቀን ቍጥራቸው 133፣ 60 እና 365 ሆኖ ከወጣ መዝገቡ ሊከፈት ይችላል።